ቡላ የወደቀችበት ቦታ

መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አማቴ፣ ለአባ ጀማሉዲን

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፤ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የጉሮሮዎ ቁስል ጠገገ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅዎ አናስ እንደተለመደው ጂቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ትናንት ሲደውልልኝ ጋላፊ ላይ ወረፋ ይዞ ቆሟል፤ ሙቀቱ ጎማ ያቀልጣል ይላል። ሰላም በይልኝ ብሏል።

ለአረፋ ሳንመጣ በመቅረታችን ይቅር ይበሉን። አናስ መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ምረቃ የምሰፋው ጋዋን ተደራርቦብኝ ቀረሁ። ቅር እንዳይልዎት።

ስልክ ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ኦፕሬሽኑ ድምፅዎን ከወሰደው ወዲህ ለማንም እንደማያነሱ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። ይኸው በወረቀት መጣሁ። የቅበት መስመር ሹፌሩ ሚሳኤል በእጄ አደርሳለሁ፣ መልስ ካለም ይዤ እመለሳለሁ ብሎኛል።

የምጽፍልዎት ስለ ቡላ ነው። አይደንግጡ። እዚህ ትተዋት የሄዱት ሞተር ሳይክልዎ ወደቀች። እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ በግራ ጎኗ ተኛች። ጎረቤቴ ጸሐይወርቅ፣ ያቺ ከሆሳዕና የመጣችው ዘማሪ ልጅ፣ አብራኝ አንሥታ አቆመቻት። አንድ መስታወቷ ረግፏል፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ትንሽ ተጣሟል፤ ሌላው አካሏ ደህና ይመስላል። ግን አልነሳ አለች። ብንረግጣት ብንረግጣት ትር አትልም። ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

አናስን ባማክረው «ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ በቃ ለቁራሌው ስጪያት» አለኝ። እኔ ግን ልሰጣት አልፈልግም። እባክዎ ምን እናድርግ?

ልጅዎ ዙሌካ


ቅበት፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዙሌካ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽን ሚሳኤል በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ግባና ምሳ ብላ ልለው እጄን ሳወናጭፍ ሂድልኝ ያልኩት መስሎት ሮጦ ሄደ። ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሰው ግባ ሲባልና ውጣ ሲባል እጅ አንድ ዓይነት መሆኑን ድሮ አላውቅም ነበር።

ስለ አረፋው ይቅርታ አትጠይቂ። እኔም ዘንድሮ ቤት ዘግቼ ነው የዋልኩት።

አሁን ወደ ቡላ። መጀመሪያ እግራችሁን ከመርገጫው ላይ አንሡ! ሞተር ሲተኛ ከካርቦራተሩ የፈሰሰው ቤንዚን ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። አሁን ሞተሯ ጠግባለች፤ እናንተ ደግሞ በእያንዳንዱ ርግጫ ትጨምሩላታላችሁ። ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ሥር ያለችውን መዝጊያ ዝጉ። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፍቱት። ርጥብ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ፀሐይ ላይ አስጡት። እሱ እንደወጣ ቀስ እያላችሁ ርገጡ፤ በቀዳዳው ቤንዚኑን ትተፋዋለች። ፊታችሁን አርቁ። እሳት የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ፤ የጎረቤትሽን ከሰል ጭምር ነው የምልሽ። ሲደርቅ መልሳችሁ ግጠሙና ሞክሩ። ዘይቷን ማየት እንዳትረሺ፤ ስትተኛ አፍስሳ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ከወደቀች በኋላ ምን ያህል ተኝታ ቆየች? ስትወድቅስ ሞተሯ እየሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ?

ጉሮሮዬ ደህና ነው። የቀጠሮውን ምርመራ እዚሁ አካባቢ ጨርሻለሁ፤ ለዚህ ብለህ አዲስ አበባ አትንከራተት ብለውኛል። ለአናስም እንዲሁ ንገሪው።

አባትሽ ጀማሉዲን


መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሚሳኤልን ይቅርታ ጠየቅኩልዎ። «እኔ እኮ የተቆጡኝ መስሎኝ እስከ ቡታጅራ ምን አጠፋሁ ስል ነው የሄድኩት» ብሎ ሳቀ። ሌላ ቀን ሳይጠሩት ገብቶ እንደሚበላ ዝቷል።

ቡላ ተነሣች! ካንዴላው ርጥብ ነበር፤ እንዳሉት አሰጣነው። የፈታችው ጸሐይወርቅ ናት፤ የረገጠችውም እሷ ናት። ከጸሎት እንደተመለሰች ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አንዴ ረገጠች፣ ዝም። ሁለተኛ ረገጠች፣ ዝም። ሦስተኛው ላይ እጇን ሰልባትዮው ላይ ጫነችና «በኢየሱስ ስም ተነሺ!» ብላ ጮኸች። አባ፣ ወላሂ ተነሣች። እኔ ፀሐዩ ነው ስላት እሷ አይደለም ትላለች፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ግቢውን ነጭ ጭስ ሞላው፤ የጸሐይወርቅ አከራይ ምን ተቃጠለ ብለው በአጥር አዩን።

ደስታችን ግን አልቆየም። ትንሽ ሠርታ ማንኮራፋት ጀመረችና ጠፋች። ጎንበስ ብለን ስናይ ከካርቦራተሩ ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ መዝጊያውን እስክንዘጋ ድረስ አላቆመም። ዘይቷ መስመሩ ላይ ነው፤ አልጎደለም።

ምን ያህል ተኝታ ቆየች ላሉት፣ ብዙም አልቆየች። ጠፍታ ነበር መሰለኝ።

ስለ ምርመራው በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ሐኪሙ ምን ምን አሉዎት? የት ነው ያዩዎት?

ዙሌካ


ቅበት፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዙሌካ፤

የጸሐይወርቅ ጸሎትና የእኔ ምክር ተጋግዘው ከሆነ ምስጋናውን እንካፈላለን በያት።

የሚንጠባጠበው ነገር ከባድ አይደለም። ካርቦራተሩ ሥር ኩባያ የመሰለ ነገር አለ። እሱ ውስጥ እንደ ሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ አለች፤ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች። ሞተር ሲወድቅ አንዳንዴ ተንሳፋፊዋ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ወይም ሰልባትዮው ሥር የተኛው ዝገት ተነቃንቆ መዝጊያዋ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በካቻቪቴ እጀታ ኩባያዋን ከጎን ኳ ኳ አድርጊያት። ዱላ አይደለም፤ የተኛ ሕፃን እንደምትቀሰቅሺ። ካልሆነ ብሎኖቹን ፍቺ፣ ኩባያዋን አውርጂ፣ ዝቃጩን እጠቢ። ብሎኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ በአንድ እጅ ኩባያዋን ደግፊ፣ በአንድ እጅ ፍቺ።

«መሰለኝ» ብለሽ የጻፍሽው አልገባኝም። ሞተር ሲሠራና ጠፍቶ ሲቆም ያልለየሽ ሰው አይደለሽም። ደግሞ ሁሉንም ጸሐይወርቅ ፈታች፣ ጸሐይወርቅ ረገጠች ትያለሽ። የስፌት መኪናሽን ሞተር ራስሽ ፈትተሽ ስትገጥሚ ያየሁሽ ልጅ ነሽ። አሁን ምን ሆነሽ ነው ቆመሽ የምታዪው?

እዚህ ዝናቡ ጥሩ ይዟል። እንሰቱ ለምልሟል። ሌላ የምነግርሽ የለም።

ጀማሉዲን


መካኒሳ አቦ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፤

እንዴት ከረሙ? እንደ ሕፃን ቀሰቀስናት፤ አልሰማችም። ከዚያ ኩባያዋን አወረድናት። ውስጧ የሻይ አተላ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ተኝቶ ነበር። በቤንዚን አጥበን፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገን መለስናት። መንጠባጠቡ ቆመ። በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች፤ ድምፅዋም እንደ ድሮው ዱብ ዱብ አለ። ጸሐይወርቅ በዚህኛው ጊዜ አልጸለየችም፤ ስለዚህ ነጥቡ የእርስዎ ነው።

ጌቱ ጎሚስታ ድምፅዋን ሰምቶ ጎማ ሲነፋ ከነበረበት ሮጦ መጣ። «ጀማል መጣ እንዴ?» አለ በሩ ላይ ቆሞ። አልመጡም ስለው ፊቱ ጥቁር አለ። አንዴ ልሞክራት ብሎ ይዟት ወጣ። ጀርመን አደባባይን አለፍ እንዳለ ጉልበቷ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ጠፋችበት። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ትንሽ ሲጠብቅ ተነሣች። ደግሞ ትንሽ ሄዳ ጠፋች። እንዲህ እያለ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። ካንዴላው ደረቅ ነው። ቤንዚን አላት። እንግዲህ ምን ቀራት?

ስለ እኔ የጠየቁኝን… ሥራ ስለበዛብኝ ነው ጸሐይወርቅን የማስቸግራት። ሌላ ነገር የለም።

እኔም የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም። ማን ነው የመረመረዎት? ሚሳኤል ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቢያስስዎት ሰዎቹ «እሳቸው እኮ ከቤት አይወጡም» አሉት። እውነት ነው?

ዙሌካ


ቅበት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙሌካ፤

በዚህኛው ደብዳቤሽ ላይ ብዙ አሰብኩ።

እየደከመች የምትጠፋ፣ ስታርፍ የምትነሳ ሞተር አየር አጥታለች። ሰልባትዮው ክዳን ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በእሷ ገብቶ ይተካዋል። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። እንዲህ አድርጉ፤ ስትጠፋ ክዳኑን ክፈቱና ጆሮሽን አስጠጊ። «ፊሽ» ብሎ አየር ከሳበ እሱ ነው።

ግን ይህቺን ቀዳዳ የሚደፍናት ጭቃ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ያልጠቀስኩልሽ ለምን ይመስልሻል? ግቢ ውስጥ ወደቀች ስላልሽኝ ነው። ያን ግቢ እስከ አጥሩ ጥግ በእጄ ሲሚንቶ የለሰንኩት እኔ ነኝ። ጭቃ ከየት መጣ? ቆማ የነበረች ሞተር ብትወድቅ መስታወቷ እስኪረግፍ አትመታም። የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣመመ አልሽኝ። እጀታ የሚጣመመው ሞተር እየሄደ ሲወድቅ ነው።

እየሄደች ከነበረ ደግሞ የሚነዳት ሰው ነበር። ጌቱ አይደለም፤ ጌቱ ድምፅዋን የሰማው ከተነሣች በኋላ ነው። አናስ ጂቡቲ ነው።

ፍሪሲዮን የሚጨበጠው በግራ እጅ ነው። በግራ የወደቀ ሰው ግራ እጁ ሥር ይቀራል። ካንዴላ የማትፈቺ፣ ብሎን የማትይዢ፣ ለአረፋ ያልመጣሽ። ልጄ፣ ግራ እጅሽን ምን አደረግሽው? ቡላስ የት ነው የወደቀችው?

የጠየቅሽኝን ከዚህ በኋላ እመልሳለሁ።

ጀማሉዲን


መካኒሳ አቦ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፤

እጄ ተሰብሮ ነበር። የግራ አንጓዬ ነው። እስካለፈው ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበር፤ አሁን ወጥቶልኛል፤ ቀጭንና ነጭ ሆኖ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። ኳስ እየጨበጥኩ አለማምደዋለሁ። በጣም ደህና ነኝ፤ ከዚህ በላይ እንዳይጨነቁ። አናስን እንዳይነግርዎ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አይቆጡት።

እየነዳሁ ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ለቡ ሜዳ ላይ። መንጃ ፈቃድም አውጥቻለሁ። አንድ ቀን በርዎ ድረስ ነድቼ መጥቼ ላስደንቅዎት ነበር ሐሳቤ።

ከአረፋ በፊት ባለው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርድዎን አገኘሁት። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ስደውል ሰው መጥቶ ካላነጋገረን በስልክ አይሆንም አሉኝ። ጠዋት ወጣሁ፤ ታክሲ ተራው ላይ ሰልፉ ዞሮ ዞሮ ሥጋ ቤቱ ጋ ደርሷል። ተመለስኩና ቡላን አስነሣኋት። ወደ ጀሞ መታጠፊያው ጋ፣ መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ አፈሩ በዝናብ ጭቃ ሆኗል። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማዋ ተንሸራተተ። ጭቃው ውስጥ አብረን ተኛን። እኔን ሲያነሡኝ ማን ያስታውሳት፤ ጎኗን እንደሰጠች ብዙ ቆየች። ሞተሯ እየሠራ ነበር የወደቀችው። ይኸው የጠየቁኝ ሁለቱም ነገር።

ሆስፒታሉስ ደረስኩ፤ ግን እንደ በሽተኛ። እጄ ተጠቅልሎ ሳበቃ የእርስዎን ካርድ ይዤ ወደ ጉሮሮ ክፍል ወጣሁ። ሲስተሯ ፋይልዎን አወጣችና «እሳቸው ካልመጡ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ሌላ ቦታ ከታዩ ደግሞ ወረቀቱ ይምጣልን» አለችኝ። ስለዚህ «ምርመራውን እዚሁ ጨርሻለሁ» ብለው የጻፉልኝ ቀን እውነት እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር። ዝም ያልኩት እኔም እየዋሸሁ ስለነበር ነው። ቢያውቁ «በእኔ ምክንያት ተሰበረች» ብለው ያዝናሉ ብዬ ፈራሁ። በእርስዎ ምክንያት አይደለም። በሚኒባሱ ምክንያት ነው።

ክዳኑን ስንከፍተው ፊሽ አለ። ጭቃውን በአንድ እጄ ሳጥባት ከላይ ከላዩ ነበር ያጠብኩት፤ ቀዳዳ እንዳላት አላወቅኩም።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው አባ። እባክዎ።

ልጅዎ ዙሌካ


ቅበት፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዙሌካ፤

ደብዳቤሽን አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። ወደ እንሰቱ ጓሮ እወጣለሁ፣ አውጥቼ አነብበዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ጭቃ ውስጥ መተኛትሽን ማሰብ አልቻልኩም። በሚኒባሱ ምክንያት ነው ብለሽ ለእኔ ስትይ ለጻፍሽው አላህ ይመንዳሽ።

ማንም አልመረመረኝም። ካርዱንም የተውኩት ረስቼው አይደለም።

ከመንጋጋዬ ሥር እብጠት አለች። በረመዳን መጨረሻ ውዱእ ሳደርግ ነው በእጄ ያገኘኋት፤ ያኔ ሽንብራ ታህል ነበር፤ አሁን ባቄላ አክላለች። ለማንም አላሳየሁም። በሽታው ተመልሶ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ተመልሷል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ፊት መቀመጥ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። የሰው ሞተር ሲሆን ፍቱት፣ ክፈቱት፣ እዩት እላለሁ። የራሴን ግን በጨርቅ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። መካኒሳ ውስጥ ጀማል ጡሩምባ ነበር ስሜ፤ አንቺ ሳትመጪ በፊት ነው። ከጋራዤ በር ቆሜ ጌቱን ስጠራው ታክሲ ተራው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይዞር ነበር። የአናስ እናት፣ አላህ ይርሐማት፣ «አንተ ሰውዬ ስልክ ለምን ገዛህ፣ በመስኮት ተናገር ይሰሙሃል» ትለኝ ነበር። በዚያ ሰፈር አንገቴ ተበስቶ፣ ሻርፕ አስሬ፣ ሰላምታ ለሚሰጠኝ ሰው እጄን እያወናጨፍኩ ማለፍ ከበደኝ። እዚህም ያው ነው። መስጊድ እንኳ ሰው ሳይመጣ ሰግጄ፣ ሰው ሳይወጣ እወጣለሁ። ገበያ አልሄድም። ሚሳኤል ያለሽ እውነት ነው።

ወደ ቡላ ልመለስ፤ ክዳኑን ሙቅ ውኃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፊው። ከዚያ በቀጭን መርፌ ቀዳዳዋን ክፈቻት፤ ቀስ ብለሽ፣ እንዳታሰፊያት። አፍሽን አስጠግተሽ ንፊባት፤ ትንፋሽሽ በዚያኛው በኩል ከወጣ ተፈውሳለች። እኔም አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው፤ በየጠዋቱ በመስታወት እያየሁ አጸዳታለሁ። ስለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ አማካሪ አታገኚም።

ቀጠሮውን ያዢልኝ። እመጣለሁ።

አባትሽ ጀማሉዲን


መካኒሳ አቦ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ከሚሳኤል ጋር ይምጡ፤ የፊት ወንበር ይዞልዎታል። አናስ ጭነት ላይ ነው፤ ለውጤቱ ቀን ግን እደርሳለሁ ብሏል።

ክዳኑን እንዳሉት አደረግኩት። ስነፋባት ትንፋሼ ወጣ። ጌቱ ጀሞ ደርሶ፣ ኮንዶሚኒየሞቹን ዞሮ፣ አንዴም ሳትጠፋበት ተመለሰ።

ለአንገትዎ ከስስ ጥጥ ሦስት መሸፈኛ ሰፍቼልዎታለሁ፤ አየር ያሳልፋል፣ አቧራ አያሳልፍም። አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ከኮትዎ ጋር ይሄዳል።

መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። በምን እንደምመጣ አይጠይቁኝ።

ዙሌካ


መካኒሳ አቦ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ሚሳኤል ይህን ወረቀት ሳይሰጥዎ በፊት በቃሉ እንደሚነግርዎ አውቃለሁ፤ አትናገር ብለውም አይችልም። የተቆረጠችው ሥጋ ውጤት መጥቷል። በሽታው አይደለም። እጢው ኢንፌክሽን ይዞት ያበጠ ነው፤ መድኃኒቱን ከወረቀቱ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፤ «ዕድለኛ ናቸው፤ ግን ዕድላቸውን ደግመው እንዳይሞክሩት። በየሦስት ወሩ ማየት አለብኝ።» አናስ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቤት ስንደርስ ቡላን ዞሮ ዞሮ አያትና «ቁራሌው አልመጣም አይደል?» አለኝ። አዲስ መስታወት ገዝቶላታል።

አንድ የማይለቀኝ ነገር አለ፤ ዛሬ ልጠይቅዎት። ከመናኸሪያ ይዤዎት ስመጣ ደህና ነበርን። ትከሻዬን ይዘው፣ ማርሽ ስቀይር በጣትዎ መታ እያደረጉ፣ እንዲያውም ፈጥነሽ ቀየርሽ ብለው ሁለቴ ቆንጥጠውኛል። ሰፈር ስንገባ ጌቱ ሱቁ በር ላይ አስቆመን። እኔ መሪውን ይዤ ሰው እንዳልገጭ ወደፊት ሳይ ጆሮዎ ላይ ተጠግቶ የሆነ ነገር ጮኸ፤ የቡላ ዱብ ዱብና የታክሲዎቹ ክላክስ ውጦት ቃሉን አልለየሁትም። ከእሱ ተለይተን ጥቂት እንደሄድን ጀርባዬ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ትከሻዬን የያዘው እጅዎ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። አንገትዎ ተዘጋ ብዬ ደንግጬ ቆምኩ። ዞሬ ሳይ ዓይንዎ እንባ ሞልቷል። «ምን ሆኑ አባ?» ስልዎ በእጅዎ ሂጂ ሂጂ አሉኝ። ቤት ስንደርስ ሰው በዛ፤ በማግስቱ ሆስፒታል፣ ከዚያ መንገድ። ወረቀት ላይም አልጻፉልኝም።

ጌቱ ምን ብሎ ነው ያስከፋዎት? ብጠይቀው «እኔ ምንም ክፉ አልተናገርኩም» ብሎ ይምላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርሼ ባልዘጋውም ሰላምታዬ ቀዝቅዟል።

ልጅዎ ዙሌካ


ቅበት፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዙሌካ፤

ሚሳኤል ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው ከመስኮት የጮኸው። መንገድ ላይ የነበረው ሰው በሙሉ የእኔን እጢ ሰማ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ መጡ፤ ቤቴ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሚሳኤልም እንደዛተው ሳይጠራ ገብቶ በላ። የመድኃኒቱን አወሳሰድ አንብቤያለሁ፤ እየወሰድኩ ነው። ሐኪሟን አመስግኝልኝ። ለኅዳሩ ቀጠሮ ራሴ እመጣለሁ፤ ማንም ካርድ ይዞ ጭቃ ውስጥ አይገባም።

መሸፈኛዎቹን ሦስቱንም አደርጋለሁ። ሰማያዊውን ለጁምዓ ነው የማስቀምጠው። ባለፈው ዓርብ መስጊድ ሄጄ ሰው እስኪወጣ ድረስ ቆየሁ። አንድ ሁለት ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። በቂ ነበር። ሌላ ነገር ከእኔ የጠበቀ የለም።

ከኋላሽ መቀመጥን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስንነሣ ፈርቼ ነበር፤ ስንሄድ ግን ተውኩት። ሞተር ላይ ማንም አያወራም። ነፋሱና ድምፅዋ አፍ ያዘጋል፤ ድምፅ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ዕድሜ ልኬን ስነዳት ኖሬ ይህን አላስተዋልኩም፤ ብቻዬን ስነዳም እጮህ ነበርና። ሦስተኛ ማርሽ የምትገቢው አሁንም ፈጥነሽ ነው።

ጌቱን ደግሞ ዛሬውኑ ሄደሽ በደንብ ሰላም በይልኝ። ድሃው ሰውዬ ምንም አላጠፋም።

የሆነው እንዲህ ነው። ጌቱ ድምፄ መሄዱን ሲሰማ ጆሮዬም አብሮ የሄደ መስሎታል። ተጠግቶ፣ አንገቴን አቅፎ፣ እንባው እየወረደ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ፣ «ጀማል! ድምፅህ ጠፋ አሉ! አይዞህ! አትዘን! እኛም ጆሯችን ዐረፈ!» አለኝ። ጉንጬን ሳመኝ። ወደ ጎማው ተመለሰ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ጥቂት እንደሄድን ነው የገባኝ።

ልጄ፣ ኦፕሬሽኑን ካደረግሁ ጀምሮ ስቄ አላውቅም። ስለዚህ ሳቄ ከድምፄ ጋር አብሮ መሄዱን የማውቅበት ዕድል አልነበረኝም። ያን ዕለት ጀርባሽ ላይ አፌን በሰፊው ከፍቼ ምንም አልወጣም። ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ በአንገቴ ቱፍ ቱፍ ይላል። እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳቀኝ። ሆዴን እስኪያመኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ላቆም ብል አልቻልኩም። የተንቀጠቀጥኩት ለዚያ ነው።

ያለቀስኩ መስሎሽ ቆምሽ። እየሳቅሁ ነበር።

አባትሽ ጀማሉዲን